የአይሮፕላን ስንቅ
(በራዲዮ የተሰጠ ንግግር)

ከጥቂት ሳምንታት በፊት ለመሥሪያ ቤት ጉዳይ ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ ስወርድ፣ በአውቶቡሱ ውስጥ ከጎኔ የተቀመጡት አንድ ሸምገል ያሉ ሰው ነበሩ። ቢሾፍቱ ስንደርስ አንድ አይሮፕላን ከሐይቆቹ በላይ ዞሮ ወደ ምሥራቅ ሲያመራ አዩና ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው፣ «ልጄ፣ የተማርህ ትመስላለህ፤ እስቲ ንገረኝ፤ ይህ አይሮፕላን መንገድ ላይ ስንቁ ቢያልቅበት ምን ይሆናል?» ሲሉ ጠየቁኝ። «አባቴ፣ ስንቅ ያሉት ነዳጁን ነው?» ብላቸው፣ «ታዲያ አይሮፕላን ሌላ ምን ስንቅ አለው?» አሉኝ። እኔም፣ «ወደሚቀርበው ማረፊያ ይወርዳል» ብዬ መለስሁ። እርሳቸው ግን፣ «ማረፊያ ከሌለስ?» ብለው በመስኮቱ ወደ ሰማይ መመልከታቸውን ቀጠሉ።

በዚያን ቀን የሰጠሁት መልስ እርሳቸውን ቀርቶ እኔንም አላረካኝም። ስለዚህ ዛሬ የያዝሁት ርእስ የእኒያን ሽማግሌ ጥያቄ በሚገባ ለመመለስ የታሰበ ነው። በአየር ላይ እንዳለ ነዳጅ የሚቀዳለት አይሮፕላን መኖሩን፣ ለዚህ ሥራ የተቋቋሙ የጦር ክፍሎች ታሪክ ምን እንደሚመስል፣ ይህ መሣሪያ ያልነበረው የቢሾፍቱ አየር ኃይላችንም በነዚያ የቀድሞ ዓመታት ሩቁን እንዴት ይደርስበት እንደ ነበር በተራ እናያለን። ነገሩ ለሰሚ ጆሮ እንዳይደናገር፣ የአገራችንንም ሆነ የውጭውን ታሪክ ዘመን የምጠራው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

ስንቅ የሚለው ቃል በአገራችን የጦርነት ታሪክ ውስጥ ቀላል ቃል አይደለም። አባቶቻችን «ስንቅና ትጥቅ» ብለው ሁለቱን አያይዘው የሚጠሩት ያለ ምክንያት አልነበረም። በ1888 ዓ.ም. በዓድዋ ዘመቻ ዐፄ ምኒልክንም ሆነ የኢጣልያኑን አዛዥ ጄኔራል ባራቲየሪን ከሚያሳስቧቸው ነገሮች ዋነኛው የሠራዊታቸው ስንቅ እየመነመነ መሄዱ ነበር። እንግዲህ ለእግረኛና ለፈረሰኛ እንዲህ የሆነው ነገር ለአይሮፕላን ሲሆን እጅግ ይብሳል። በቅሎ ቢርባት ከመንገድ ዳር ሣር ትግጣለች፤ መኪና ነዳጅ ቢጨርስ ከአስፋልቱ ጠርዝ ቆሞ በጀሪካን እስኪመጣለት ይጠብቃል። አይሮፕላን ግን በሰማይ ላይ ቆሞ መጠበቅ አይችልም። በአየር ላይ የሚውለው ነዳጁ እስካለ ድረስ ብቻ ነው። ስለዚህ የአንድ አየር ኃይል ክንድ ርዝመት የሚለካው በክንፉ ስፋት ወይም በመድፉ ብዛት ሳይሆን በነዳጁ ነው ማለት ይቻላል።

ክንዱን ለማስረዘም የሰው ልጅ እስከ ዛሬ ያገኛቸው መንገዶች ሦስት ናቸው። አንደኛው፣ ሲነሣ ብዙ ነዳጅ መጫን ነው። ሁለተኛው፣ በየመንገዱ ማረፊያ አዘጋጅቶ፣ ነዳጁን አስቀድሞ በምድር አድርሶ፣ እያረፉ መቅዳት ነው። ሦስተኛው፣ ሳይወርዱ በአየር ላይ መቅዳት ነው።

የመጀመሪያው መንገድ ቀላል ይመስላል፤ ዳሩ ግን ወሰን አለው። ገለባ ተጭኖ ረጅም መንገድ የሚሄድ አህያ ከተጫነው ገለባ እየበላ እንደሚሄድ ሁሉ፣ አይሮፕላንም ነዳጁን ለመሸከም ራሱን ነዳጁን ያቃጥላል። ጭነቱ በበዛ ቁጥር የሚያቃጥለውም ይበዛል፤ ከዚህም በላይ ከመሬት ለመነሣት ረጅም ሜዳና ከፍተኛ ጉልበት ይጠይቃል።

ይህም ሆኖ በዚህ መንገድ የተሠራ አንድ አስደናቂ ሥራ ከእኛው አየር ኃይል ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው። ካውንት ካርል ጉስታፍ ፎን ሮዘን የተባለው ስዊድናዊ በኢጣልያ ወረራ ጊዜ በቀይ መስቀል የአምቡላንስ አይሮፕላን ኢትዮጵያን ያገለገለ፣ ከነፃነት በኋላም ተመልሶ መጥቶ በቢሾፍቱ አየር ኃይላችንን ለ10 ዓመት ያህል የመራ ሰው ነበር። ይህ ሰው በግንቦት ወር 1939 ዓ.ም. ሳፊር በምትባል ባለ አንድ ሞተር ትንሽ የማሠልጠኛ አይሮፕላን ከስቶክሆልም ተነሥቶ፣ በመንገድ ላይ አንድም ጊዜ ሳያርፍ አዲስ አበባ ገባ። ርቀቱ ወደ 6 ሺህ 200 ኪሎ ሜትር ሲሆን ጉዞው 31 ሰዓት ያህል ፈጀ። በተለመደው የነዳጅ ልክ የዚህን ርቀት ሩብ እንኳ የማትዘልቅ አይሮፕላን ይህን ያህል የሄደችው ከወትሮው እጅግ የበዛ ነዳጅ ተሸክማ በመነሣቷ ነው። ነገር ግን ይህ የአንድ ደፋር አብራሪ የአንድ ጊዜ ሥራ ነው እንጂ የጦር ኃይል በየቀኑ ሊሠራበት የሚችል ዘዴ አይደለም። በነዳጅ የሞላ አይሮፕላን ቦምብም ሆነ ጥይት የሚጭንበት ቦታ አይተርፈውምና።

በተለይም ደጋ ላይ ለምንኖር ለእኛ ይህ መንገድ ይበልጥ ጠባብ ነው። ከፍታ በጨመረ መጠን አየሩ ይሳሳል፤ አየሩ ሲሳሳ ክንፉ የሚያነሣው ክብደት ያንሳል፤ የሞተሩም ጉልበት ይቀንሳል። የቢሾፍቱ ሜዳ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1 ሺህ 900 ሜትር፣ የቦሌ ሜዳ ደግሞ ከ2 ሺህ 300 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ነው። ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ በአየር መንገዳችን የተጓዘ ሰው ያውቀዋል። ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን የሚሄደው አይሮፕላን ለብዙ ዓመታት በመንገድ ላይ እያረፈ ነዳጅ ሲጨምር፣ ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ ሲመለስ ግን በቀጥታ ይመጣ ነበር። መንገዱ ያው አንድ መንገድ ነው። ልዩነቱን ያመጡት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ወደ ምዕራብ ሲሄድ ነፋሱ ከፊት ይገፋዋል፤ ከደጋው ሜዳ ሲነሣም የሚፈልገውን ነዳጅ ሁሉ ተሸክሞ መነሣት ያስቸግረዋል።

እንግዲህ አንድ አይሮፕላን ቀለል ብሎ ተነሥቶ፣ ከፍ ካለ በኋላ ሆዱን መሙላት ቢችል፣ የሜዳውም አጭርነት፣ የአየሩም መሳሳት፣ የመንገዱም ርቀት ያን ያህል አያስጨንቀውም። በአየር ላይ ነዳጅ የመቅዳት ሐሳብ የተወለደው ከዚህ ነው።

ይህ ሐሳብ ለመጀመሪያ ጊዜ በሚገባ የተሞከረው በአሜሪካ አገር በሰኔ ወር 1915 ዓ.ም. ነው። በሳን ዲየጎ ከተማ በላይ ሁለት የጦር ሠራዊት አይሮፕላኖች አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች ሆነው ሲበሩ፣ የላይኛው የጎማ ቱቦ ለቀቀ፤ በታችኛው ውስጥ የነበረውም ሰው ቱቦውን በእጁ ይዞ በነዳጅ ማጠራቀሚያው አፍ ውስጥ አስገባው። ከሁለት ወር በኋላ በነሐሴ ያው ተቀባዩ አይሮፕላን ከ37 ሰዓት በላይ በአየር ላይ ቆየ።

ከዚያም በ1921 ዓ.ም. በታኅሣሥ መጨረሻ «የጥያቄ ምልክት» የሚል ስም የወጣለት አንድ አይሮፕላን በካሊፎርኒያ ሰማይ ላይ 150 ሰዓት ከ40 ደቂቃ፣ ማለት ከ6 ቀን በላይ ሳይወርድ በረረ። ስሙ እንዲህ የሆነው ምን ያህል ጊዜ በአየር ላይ እንደሚቆይ አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ስላልነበረ ነው። በነዚህ ቀናት ውስጥ አቀባዮቹ አይሮፕላኖች ከ40 ጊዜ በላይ እየተነሡ ነዳጅ፣ ዘይትና ምግብ አደረሱለት። በመጨረሻም እንዲወርድ ያስገደደው የሞተር ብልሽት ነው እንጂ የነዳጅ ማጣት አልነበረም።

አድማጮቼ እዚህ ላይ አንድ ነገር እንድታስተውሉልኝ እፈልጋለሁ። በዚያው በ1921 ዓ.ም.፣ በዓመቱ መጨረሻ ነሐሴ 12 ቀን፣ በፈረንሳዊው አብራሪ በአንድሬ ማዬ የሚነዳ ፖቴዝ 25 የተባለ አይሮፕላን አዲስ አበባ አጠገብ አረፈ። የኢትዮጵያ አየር ኃይል ዕድሜውን የሚቆጥረው ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው። በሌላው ዓለም አይሮፕላን ሳይወርድ ስድስት ቀን በዋለበት ዓመት፣ እኛ የመጀመሪያውን አይሮፕላን ተቀበልን ማለት ነው። በ1923 ዓ.ም. መጀመሪያም ሚሽካ ባቢቼፍና አስፋው ዓሊ ለብቻቸው አይሮፕላን ለማብረር የበቁ የመጀመሪያዎቹ ኢትዮጵያውያን አብራሪዎች ሆኑ።

ወደ ነገራችን እንመለስ። ነዳጅ በአየር ላይ መቅዳት ከትርኢት ወጥቶ የጦር ሠራዊት መደበኛ ሥራ የሆነው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። በ1940 ዓ.ም. የአሜሪካ አየር ኃይል ሥራቸው ነዳጅ ማቀበል ብቻ የሆነ ሁለት ስኳድሮኖች አቋቋመ፤ ቁጥራቸውም 43ኛውና 509ኛው ነበር። ለነዚህም ክፍሎች ቢ-29 የተባሉት ትልልቅ ቦምብ ጣይ አይሮፕላኖች ቦምባቸው ወርዶ የነዳጅ ማጠራቀሚያና የጎማ ቱቦ ተገጠመላቸው። ቱቦውን የሠራው ሰር አለን ኮብሃም የተባለው እንግሊዛዊ አብራሪ የመሠረተው ኩባንያ ሲሆን፣ ይህ ሰው ከጦርነቱ በፊት ጀምሮ በዚሁ ጥበብ ሲደክም የኖረ ነበር።

የአዲሱ ክፍል ትልቁ ፈተና በየካቲት ወር 1941 ዓ.ም. መጣ። «ላኪ ሌዲ ሁለተኛ» የተባለ ቦምብ ጣይ አይሮፕላን 14 ሰዎች ይዞ ከቴክሳስ ተነሣና፣ ምድርን በሙሉ ዞሮ ወደ ተነሣበት ሜዳ ተመለሰ። የሄደው 37 ሺህ 700 ኪሎ ሜትር ያህል፣ የፈጀው ጊዜም 94 ሰዓት ሲሆን፣ በዚህ ሁሉ መንገድ አንድም ጊዜ መሬት አልነካም። ነዳጅ የተቀዳለት አራት ጊዜ ነው፤ በአዞሬስ ደሴቶች፣ በሳዑዲ ዓረቢያ፣ በፊሊፒንስና በሃዋይ በላይ። በተመለሰ ጊዜ ታላላቅ ሹማምንት ከሜዳው ወጥተው ተቀበሉት፤ ለሰዎቹም ሜዳይ ተሸለመ፤ ስማቸውም በየጋዜጣው ተጻፈ።

ነገር ግን በዚህ ታሪክ ውስጥ ብዙ ሰው የማያነሣው አንድ ነገር አለ። በፊሊፒንስ በላይ ነዳጅ ካቀበሉት ከ43ኛው ስኳድሮን አይሮፕላኖች አንዱ ሥራውን ፈጽሞ ሲመለስ በክፉ አየር ምክንያት ተከሰከሰ፤ በውስጡ የነበሩት ዘጠኝ ሰዎችም በሙሉ ሞቱ። ቦምብ ጣዩ በክብር ዓለምን ሲዞር፣ ስንቁን ያቀበሉት ሰዎች ወደ ሜዳቸው አልተመለሱም። የነዳጅ አቀባይ ክፍል ታሪክ ከመነሻው ጀምሮ እንዲህ ያለ ታሪክ ነው፤ የደረሰው ይታያል፤ ያደረሰው አይታይም።

አሁን ሥራው እንዴት እንደሚከናወን ባጭሩ ላስረዳ። በዓለም ላይ የታወቁት ዘዴዎች ሁለት ናቸው። በአንደኛው ዘዴ አቀባዩ አይሮፕላን ከኋላው ረጅም የጎማ ቱቦ ይለቃል፤ በቱቦውም ጫፍ ላይ እንደ ቅርጫት ያለ ነገር አለ። ተቀባዩ አይሮፕላን ከአፍንጫው ወይም ከክንፉ ዘንድ የተተከለውን ቀጭን ቧንቧ ወደ ቅርጫቱ ያስገባል። እዚህ ላይ የማነጣጠሩ ጭንቀት የተቀባዩ አብራሪ ነው። በሁለተኛው ዘዴ ደግሞ ከአቀባዩ ጅራት ሥር ረጅም የብረት ቧንቧ ይወርዳል፤ በጅራቱ ውስጥ ያለው ባለሙያም በመስኮት እያየ ቧንቧውን ወደ ተቀባዩ የነዳጅ አፍ ይመራዋል። በሁለቱም ዘዴ ሁለት ከባድ አይሮፕላኖች በጥቂት ሜትር ርቀት፣ በአንድ ዓይነት ፍጥነትና ከፍታ፣ ለብዙ ደቂቃ አብረው መብረር አለባቸው። የአንደኛው እጅ ለቅጽበት ቢስት የሁለቱም ሕይወት አደጋ ላይ ይወድቃል።

በዚህ ሁለተኛ ዘዴ ከሚሠሩት አይሮፕላኖች ዋነኛው በ1949 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ኬሲ-135 ነው። በውስጡ ያለው ቧንቧ መሪ በደረቱ ተኝቶ ወደ ታች እያየ ነው ሥራውን የሚሠራው። አንዱ ኬሲ-135 ለሌሎች ሊያካፍለው የሚችለው ነዳጅ እስከ 90 ሺህ ኪሎ ግራም ይደርሳል። በመንገዳችን ላይ የምናያቸውን ቦቴ መኪናዎች ለሚያውቅ ሰው፣ ይህ ማለት ከሁለት ትልልቅ ባለተሳቢ ቦቴዎች ጭነት ያላነሰ ነዳጅ በሰማይ ላይ ሲሄድ ማለት ነው። ለእኛም ዘሩ እንግዳ አይደለም፤ በ1955 ዓ.ም. ለአየር መንገዳችን የመጡት የመጀመሪያዎቹ ቦይንግ 720 ጄቶች ከዚሁ አይሮፕላን ጋር ከአንድ ናሙና የተገኙ ዘመዳሞች ነበሩ።

የዚህ ሥራ ዋጋ ምን ያህል ውድ እንደ ሆነ ደግሞ አንድ ሌላ ምሳሌ ያሳየናል። በሚያዝያ ወር 1974 ዓ.ም. እንግሊዝና አርጀንቲና በፎክላንድ ደሴቶች ሲዋጉ፣ አንድ የእንግሊዝ ቦምብ ጣይ ከአሴንሽን ደሴት ተነሥቶ ወደ 6 ሺህ 300 ኪሎ ሜትር ርቆ ቦምቡን ጥሎ እንዲመለስ ታዘዘ። ይህን አንድ አይሮፕላን ለማድረስ 11 ነዳጅ አቀባይ አይሮፕላኖች ተነሡ፤ አቀባዮቹም አንዱ ለሌላው፣ ሌላውም ለሌላው እየሰጡ ሄዱ። የመጨረሻው አቀባይ ለራሱ መመለሻ ሊያስቀረው የሚገባውን ነዳጅ ጭምር ለቦምብ ጣዩ ሰጠውና፣ ሌላ አቀባይ መጥቶ ባይደርስለት ኖሮ ከባሕር ይወድቅ ነበር። እንግዲህ ሦስተኛው መንገድ እንዲህ ነው፤ ክንድን ያስረዝማል፤ ነገር ግን ብዙ አይሮፕላን፣ ብዙ ገንዘብና ብዙ የሠለጠነ ሰው ይጠይቃል።

እንደዚህ ያለ አቅም ያልነበረው የእኛ አየር ኃይል ታዲያ ምን አደረገ? ሁለተኛውን መንገድ ያዘ። ይኸውም ነዳጁን በምድር ማስቀደም ነው።

ከነፃነት በኋላ የአየር ኃይላችን ዋና ሠፈር የሆነው በቢሾፍቱ፣ ቀድሞ ደብረ ዘይት ትባል በነበረችው ከተማ፣ የሚገኘው የሐረር ሜዳ ነው። የቦታውን አቀማመጥ ለተመለከተ ሰው አንድ ትልቅ ጥቅም ይታየዋል። ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ የደረሰው የምድር ባቡር በአዋሽ፣ በአዳማና በሞጆ አልፎ በዚችው ከተማ በኩል ነበር የሚሄደው። ከባሕር ወደብ የተነሣ በርሜል በስምጥ ሸለቆው ወጥቶ አይሮፕላኑ ካለበት አጠገብ ሊወርድ ይችል ነበር ማለት ነው። ከስዊድን የተገዙት ሳዓብ ቦምብ ጣዮች፣ በ1950ዎቹ መጀመሪያ የመጡት ሴበር ጄቶች፣ ኋላም ኤፍ-5 የተባሉት ተዋጊዎች በተራ በዚህ ሜዳ ኖረዋል። አብራሪውን ሁሉም ያየው ነበር። ነዳጁ ግን ከባሕር ጠረፍ እስከ ደጋው ድረስ በባቡር ነጂ፣ በጣቢያ ሹም፣ በሚዛን ጠባቂና በወዛደር እጅ እየተቀባበለ መምጣቱን የሚያስብ ጥቂት ነበር።

አገራችን ሰፊ ናት፤ ስለዚህ ነዳጁ ቢሾፍቱ መድረሱ ብቻ አይበቃም ነበር። ከቢሾፍቱ እስከ ድሬዳዋ በአየር መስመር ወደ 330፣ እስከ አሥመራ ደግሞ ወደ 730 ኪሎ ሜትር ነው። አንድ ተዋጊ አይሮፕላን ከቢሾፍቱ ተነሥቶ ድሬዳዋ ድረስ ሄዶ ቢመለስ፣ ምንም ሥራ ሳይሠራ 660 ኪሎ ሜትር የሚያስኬድ ነዳጅ ያቃጥላል። ነገር ግን ድሬዳዋ ላይ አርፎ የሚቀዳው ነዳጅ ካገኘ ከዚያ ወዲያ ያለውን መንገድ በሙሉ ሆዱ ይጀምራል። እንግዲህ ድሬዳዋና አሥመራ ላይ የነበሩት የአየር ኃይል ሜዳዎች በምድር ላይ የተተከሉ ነዳጅ አቀባዮች ነበሩ ብንል ስሕተት አይሆንም።

ሩቅ አገር መሄድ ሲያስፈልግም ያው ነበር። በ1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በተባበሩት መንግሥታት ጥሪ አራት ሴበር ጄቶችን ወደ ኮንጎ ላከች። ከቢሾፍቱ እስከ ሉሉዋቡር ከተማ በቀጥታ ቢለካ ወደ 2 ሺህ 400 ኪሎ ሜትር ነው። ሴበር በክንፎቹ ሥር ተጨማሪ የነዳጅ ማጠራቀሚያ ቢያንጠለጥልም ይህን መንገድ በአንድ ትንፋሽ በሰላም ሊዘልቀው አይችልም ነበርና፣ በመካከል እያረፉ መቅዳት ግድ ነበር። የሌላ አገር አብራሪ በአየር ላይ ቱቦ በሚጠብቅበት ዘመን፣ የእኛ አብራሪ የሚጠብቀው በባዕድ ሜዳ ላይ የተዘጋጀ ነዳጅና ያንን ነዳጅ ለማዘጋጀት አስቀድሞ የተጻፈ ደብዳቤ ነበር።

የዚህ መንገድ ድካም ደግሞ በ1969 ዓ.ም. ታየ። ምድር ላይ የተዘረጋ የስንቅ መስመር ጠላት ሊቆርጠው ይችላል። በዚያ ዓመት የሶማሊያ ጦር ወደ ኦጋዴን ሲዘልቅ፣ የምድር ባቡሩ ድልድዮች ፈርሰው መስመሩ ተቋረጠ። ድሬዳዋ ራሷ ተከበበች፤ የአየር ኃይሉም ሜዳ የውጊያው ዓላማ ሆነ። ሜዳው ቢያዝ ኖሮ፣ ከተማዋ ብቻ ሳትሆን የአየር ኃይሉ ምሥራቃዊ ክንድ ከትከሻው በተቆረጠ ነበር። ሜዳው ግን አልተያዘም፤ ኤፍ-5ዎቹም የአየሩን የበላይነት ይዘው ዘለቁ። ከዚያ ጦርነት የእነ ለገሠ ተፈራና የእነ በዛብህ ጴጥሮስ ስም እስከ ዛሬ በሕዝብ አፍ ይነሣል፤ ይገባልም። ለገሠ ተፈራ አይሮፕላኑ ተመትቶ ከተማረከ በኋላ ከ10 ዓመት በላይ በሶማሊያ እስር ቤት የቆየ ሰው ነው። ነገር ግን አንድ ጄት ለእያንዳንዱ በረራ ሁሉ ነዳጅ ይቀዳለታል። በዚያ በድሬዳዋ ሙቀት፣ ሜዳው ሲደበደብ ጭምር፣ ያንን ነዳጅ የቀዱት ሰዎች ስም በማንም አፍ አይነሣም።

ዘመኑ ሲለወጥ የነዳጁም መንገድ ተለውጧል። በ1959 ዓ.ም. አሰብ ላይ የነዳጅ ማጣሪያ ተመርቆ ለ30 ዓመት ያህል ሠርቶ ተዘግቷል፤ የድሮው ባቡር ቀርቶ በኤሌክትሪክ የሚሄድ አዲስ ባቡር በ2009 ዓ.ም. ተመርቋል። ነዳጁ ግን ዛሬም በአብዛኛው ከጅቡቲ ወደብ በቦቴ ተጭኖ፣ በሚሌና በአዋሽ አልፎ፣ በመተሐራ በኩል ወደ አዳማ ይወጣል። ያን ቀን እኔና ሽማግሌው ከአውቶቡስ ስንወርድ በመንገዱ ዳር የቆሙት ቦቴዎች ብዙ ነበሩ፤ ሾፌሮቹም ሌሊቱን ነድተው ኖሮ ከጥላ ሥር ተኝተዋል።

ያን ጊዜ ነው መልሱ የመጣልኝ። «አባቴ፣» አልኋቸው፣ «ማረፊያ ከሌለስ ብለውኝ አልነበረም? ማረፊያ ባለበትም ሆነ በሌለበት፣ አይሮፕላኑ የሚድነው ከእርሱ አስቀድሞ ነዳጁን ይዞ የወጣ ሰው ካለ ብቻ ነው።» ሽማግሌው ወደ ተኙት ሾፌሮች ተመለከቱና፣ «እንግዲያው እነዚህም አብራሪዎች ናቸዋ!» አሉኝ። ከዚያም ተሰነባበትን።

ክቡራትና ክቡራን አድማጮቼ፤ ከናንተ ብዙዎቹ እንደ እኔው በመሥሪያ ቤት የምትውሉ ናችሁ። ነዳጅ ከግምጃ ቤት የሚወጣው በሞዴል 22 ነው፤ የሚገባውም በሞዴል 19 ነው። ወረቀቱን ሞልቶ የሚፈርመው ሰው በጠረጴዛው ላይ ሆኖ ሰማይ አይታየውም። ይሁን እንጂ ያ ወረቀት ሳይፈረም ሦስት ቀን ቢያድር፣ በአንድ ሩቅ ሜዳ ላይ አንድ በርሜል ይጎድላል፤ በርሜሉም ሲጎድል አምቡላንሱ አይነሣም፤ የእርዳታ እህል የጫነው መኪና አይንቀሳቀስም፤ አይሮፕላኑም ካለበት ይቀራል። በፊሊፒንስ በላይ ነዳጅ አቀብለው ያልተመለሱት ዘጠኙ ሰዎች፣ በባቡር ጣቢያ በርሜል ያንከባለሉት ወዛደሮች፣ በድሬዳዋ ሜዳ ላይ ቱቦ የያዙት ባለሙያዎችና ወረቀቱን በጊዜው የፈረመው ጸሐፊ የያዙት አንድ መስመር ነው። የመስመሩ ጥንካሬም እጅግ በደከመው ቦታ ላይ ያለው ጥንካሬ ብቻ ነው።

ስለዚህ ከእንግዲህ ወዲህ ከቢሾፍቱ ሐይቆች በላይ አይሮፕላን ሲያልፍ ስታዩ፣ ዓይናችሁን ለጥቂት ጊዜ ወደ ምድር መልሱት። አይሮፕላኑን ያነሣው ሰው እዚያ ነው ያለው።